ሦስት ሰው፣ አንድ ፋይል

መጀመሪያ ቁልፍ ነበር። በ1972 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ሌላ ካልተባለ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ማርክ ሮችካይንድ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ ሰው የፕሮግራም ጽሑፎችን ታሪክ የሚይዝ መዝገብ ሠራ። ስሙን ኤስሲሲኤስ አለው። ያ መዝገብ ሳይኖር አንድ ፕሮግራም ሲታረም አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፍና የአሮጌው ደብዛ ይጠፋ ነበር፤ ትናንት ሲሠራ የነበረው ዛሬ ለምን እምቢ እንዳለ የሚጠይቅ ሰው የትናንቱን ከየት ያመጣዋል? የሮችካይንድ መዝገብ እያንዳንዱን ለውጥ ለብቻው እያስቀመጠ ያለፈውን መልክ መልሶ ያወጣል። ሁለት ሰው አንድን ፋይል በአንድ ጊዜ እንዳያርምም መላ ነበረው። ፋይሉን ለማረም ያወጣው ሰው እስኪመልሰው ድረስ ሌላው ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። የደብር ዕቃ ቤት ቁልፍ ማለት ነው፤ ያዡ ካልመጣ በሩ አይከፈትም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በዚያው ላቦራቶሪ ዳግላስ ማክልሮይ ዲፍ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ዩኒክስ ለተባለው ስርዓተ ክወና አበረከተ። ስሌቷን ከጄምስ ሀንት ጋር ሆኖ በ1976 በጽሑፍ አወጣው። የዲፍ ሥራ ሁለት ጽሑፎችን አስተያይታ ልዩነታቸውን መናገር ነው። የምታስተያየው ግን ቃል በቃል ሳይሆን መስመር በመስመር ነው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትለወጥ መስመሩ በሙሉ እንደተለወጠ ትቆጥረዋለች። ይህ ለፕሮግራም ጸሐፊ አይከፋም፤ የእሱ መስመር አጭር ነው፣ አንዱ መስመር አንድ ትእዛዝ ነው። አንባቢ ይህችን «መስመር» የምትባል ነገር ልብ ይበልልኝ፤ መጨረሻ ላይ ሙርዋይክ የምትባል የሄግ ሰፈር ስንደርስ ታስቸግረናለች።

በ1982 ደግሞ በአሜሪካ ኢንዲያና፣ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዋልተር ቲሺ አርሲኤስን ይዘው መጡ። ብልሃታቸው የቅርቡን ቅጂ ሙሉውን አስቀምጦ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ልዩነት ብቻ መመዝገብ ነበር። ሰው አዘውትሮ የሚፈልገው የዛሬውን ስለሆነ ሥራው ፈጠነ። ቁልፉ ግን ከበሩ አልተነሳም። አንዱ ፋይሉን ቆልፎ ምሳ ይወጣል፣ ታሞ ይተኛል፣ ለዕረፍት ይሄዳል። የቀሩት ወይ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፣ ወይ ቁልፉን ይሰብራሉ፣ ወይ ፋይሉን በጎን ገልብጠው በየጓዳቸው ያርሙና ጣጣውን ለመጨረሻ ቀን ያቆዩታል።

አሁን አምስተርዳም ገባን። በከተማዋ ደቡብ፣ ደ ቡለላን በተባለው ጎዳና ላይ ያለው ፍራየ ዩኒቨርሲቲ፣ ትርጉሙ «ነጻ ዩኒቨርሲቲ»፣ በ1880 አብርሃም ካይፐር ከመንግሥትም ከቤተ ክህነትም ነጻ ይሁን ብለው ያቋቋሙት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚያ የአንድሩ ታነንባም ቡድን «የአምስተርዳም ኮምፓይለር ኪት» የተባለ መሣሪያ ይሠራ ነበር። ኮምፓይለር ሰው በፕሮግራም ቋንቋ የጻፈውን ማሽን ወደሚገባው የሚመልስ አስተርጓሚ ነው። አምስት ቋንቋና አምስት ዓይነት ማሽን ካለ 25 አስተርጓሚ ሊያስፈልግ ነው። የአምስተርዳሞቹ ሐሳብ መሐል ላይ ኢኤም የሚባል የጋራ ቋንቋ ማቆም ነበር፤ ሁሉም ወደ እሱ ይተረጎማል፣ ከእሱም ወደየማሽኑ። 25ቱ 10 ሆነ ማለት ነው። ሐሳባቸውን በ1983 አሳተሙት።

ዲክ ግሩነ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። በሐምሌ 1984 ከሁለት ተማሪዎቻቸው ጋር ለዚህ ኪት የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር ለመሥራት ተነሱ። በእኛ 1976 ዓ.ም. መገባደጃ መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ስትል፣ ሰሜኑ ደግሞ ዝናብ ሲጠብቅ። የሦስቱ ሰዎች ችግር ዕውቀት አልነበረም። ሰዓት ነበር። አንዱ ተማሪ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ጠዋት 3 ሰዓት ገብቶ 11 ሰዓት ላይ የሚወጣ ነው። ሌላው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። መምህሩ ደግሞ ለዚህ ሥራ ጊዜ የሚያገኙት ማታ ማታ ብቻ። ይህን ግሩነ ራሳቸው ኋላ ጽፈውታል፤ እኔም ታሪኩን የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ፕሮግራም ጸሐፊዎች ለሃያ ዓመት የኖሩበት ሥርዓት የተወለደው ከትልቅ ንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ ሦስት ሰዎች አብረው ቡና የሚጠጡበት ሰዓት ስላጡ ነው።

ለእንዲህ ያለ ቤት ቁልፍ አይሆንም። ቀን የሚሠራው ፋይሉን ቆልፎ ከሄደ የማታው ሰው ሌሊቱን በከንቱ ያነጋል። የማታው ሰው ቆልፎ ካደረ ጠዋት የሚመጣው ተማሪ በር ላይ ይቆማል። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቀው ቁልፉን ይዞ ከጠፋማ ነገሩ አበቃ።

ግሩነ አዲስ ማሽን አልፈለሰፉም። የቲሺ አርሲኤስ ላይ የሚቀመጡ የሼል ስክሪፕቶች፣ ማለትም ትንንሽ የትእዛዝ ዝርዝሮች፣ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ሰው የሥራው ሙሉ ቅጂ ተሰጠው፤ በራሱ ጓዳ፣ በራሱ ሰዓት፣ ማንንም ሳያስፈቅድ የፈለገውን ፋይል ያርማል። መሐል ላይ የጋራ መዝገብ አለ። ሥራው ሲደርስ ወደ መዝገቡ ያስገባል። ይህ ማስገባት በሙያው ቋንቋ «ኮሚት» ስለሚባል ሥርዓቱም መጀመሪያ ሲኤምቲ ተባለ፤ ሦስቱ ሰዎች ሳይጠባበቁ እንዲያስገቡ ያስቻላቸው እሱ ነውና። ዛሬ ቦሌ ያለ ወጣት «ኮሚት አድርጌ ፑሽ አደረግኩት» ሲል ያው ነው የሚያወራው።

ሕጉ አንድ ነው። ሥራህን ከማስገባትህ በፊት፣ ቅጂህን ከወሰድክ ወዲህ ሌላው ያስገባውን ወደ ራስህ አምጣ፤ ቅጂህ ከመዝገቡ ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ መዝገቡ አይቀበልህም። እንግዲህ ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ቢነኩ፣ ቀድሞ ያስገባው እፎይ ብሎ ይተኛል፤ ሽምግልናው ዘግይቶ በመጣው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ፍትሕ ነው? በመጀመሪያ ሳየው ቀዳሚውን የሚያቀማጥል ሕግ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ዘግይቶ የመጣው ሰው ሁለቱንም ሥራ ፊቱ ዘርግቶ የሚያይ ብቸኛ ሰው ነው። ቀዳሚው የዘገየውን አላየም፤ ያላየውን አይዳኝም። ሌላም ነገር አለው። ሽምግልናውን የሚፈራ ሰው ሥራውን አከማችቶ አያቆይም፤ ጥቂት ጥቂቱን ቶሎ ቶሎ ማስገባት ይለምዳል። ግጭቱም በዚያው ልክ ያንሳል።

ማዋሃዱ እንዴት እንደሚሆን በዕድር ደንብ ላሳይ። ደንቡ «ወርሃዊ መዋጮ 10 ዩሮ ነው» ይላል እንበል። የዕድሩ ጸሐፊ ቅጂዋን ወስዳ 15 አደረገችው። ገንዘብ ያዡ ያችን መስመር ሳይነካ ከታች ራቅ ብሎ ስለ ድንኳን ኪራይ አንድ መስመር ጨመረ። ሁለቱን ቅጂዎች ብቻ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግራ ይገባዋል። አንዱ 10 ይላል ሌላው 15፤ የትኛው ነው አዲሱ? አንዱ ላይ ድንኳን አለ ሌላው ላይ የለም፤ ተጨምሮ ነው ወይስ ከሌላው ተሰርዞ? ሁለት ባለጉዳይ ብቻ ይዞ መዳኘት አይቻልም፤ ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል። ምስክሩ ሁለቱም የተነሱበት የቀድሞው ጽሑፍ ነው። እሱ ሲጠራ ነገሩ ይጠራል፤ 10 ነበር፣ ድንኳንም አልነበረም። ስለዚህ 15 የጸሐፊዋ ለውጥ፣ ድንኳኑ የገንዘብ ያዡ ጭማሪ ነው። ሁለቱም ይገባሉ፤ ማንም ከማንም አልተጣላም። ይህን ባለ ሦስት ወገን ማስተያየት ዲፍ ሦስት የተባለ የዩኒክስ ፕሮግራም በ1979 መሥራት ጀምሮ ነበር። የግሩነ ሥራ ይህን ዕቃ ከመሳቢያ አውጥቶ የአብሮ መሥራት ሥርዓት ማድረግ ነው።

ገንዘብ ያዡ ያችኑ የመዋጮ መስመር 20 ብሏት ቢሆንስ? ያኔ ምስክሩም አይረዳ፤ ሁለቱም ከ10 ተነስተው ወደተለያየ ቦታ ሄደዋል። ማሽኑ አማካዩን ወስዶ 17 ተኩል አይልም። ሥልጣን ያላት ጸሐፊዋ ናት ብሎም አያዳላም። እጁን ሰብስቦ ይቆማል። ሁለቱንም መስመሮች በፋይሉ ውስጥ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ያኖራቸዋል፤ ዛሬ በለመድነው መልክ ከላይ ሰባት ወደ ግራ የሾሉ ምልክቶች፣ በመሐል ሰባት የእኩል ይሆናል ምልክቶች፣ ከታች ሰባት ወደ ቀኝ የሾሉ። የመጀመሪያ ቀን የሚያየው ሰው ኮምፒውተሩ የታመመ ይመስለዋል። ያንተ ይህ ነው፣ የሌላው ይህ ነው፣ እኔ አላውቅም፣ ፍረድ ማለቱ ነው።

ይህን ባየሁ ቁጥር አንድምታ ትዝ ይለኛል። የኛ የትርጓሜ መምህር ለአንድ ንባብ ሁለት ሦስት ፍቺ ሲያገኝ አንዱን ገድሎ ሌላውን አያነግሥም፤ «አንድም» እያለ አከታትሎ ይሰጣል፣ ተማሪውም ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ምልክቶቹ መሐል የተቀመጡት ሁለት መስመሮች «አንድም» የተባለላቸው መስመሮች ናቸው። ልዩነቱ አንድምታ ሁለቱን ለትውልድ ሲያኖር፣ ኮምፓይለር ግን ምልክቶቹ ያሉበት ፋይል ሲሰጠው አልገባኝም ብሎ ሥራ ማቆሙ ነው። አንዱ መመረጥ አለበት፤ ወይም ከሁለቱ የተቀዳ ሦስተኛ መስመር ይጻፋል። የብራና ጸሐፊ በዚህ ከኮምፓይለሩ ጋር ይቀራረባል፤ ስሕተት ሲያገኝ ቀለሙን በስለት ፍቆ በላዩ ይጽፋል። የተፋቀው ግን ለዘለዓለም ሄደ። በመዝገቡ ዘንድ ግን የተሸነፈው መስመርም፣ አንዴ ገብቶ ከነበረ፣ ከነቀኑና ከነባለቤቱ ተጽፎ ይቀመጣል።

አንድ ነገር ግን ማሽኑ አይችልም፤ ያኔም አልቻለም፣ ዛሬም አልቻለም። ጸሐፊዋ አንቀጽ 4 ላይ «ሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ ከአባልነት ይሰረዛል» ብላ ጨመረች። ገንዘብ ያዡ አንቀጽ 9 ላይ «መዋጮ በየስድስት ወሩ ይሰበሰባል» ብሎ አስተካከለ። መስመሮቹ አልተነካኩም። ማሽኑ ሁለቱንም አዋሃደ፤ ምልክት የለ፣ ጩኸት የለ። ደንቡ ግን አባሉን በሙሉ አባሯል። ማሽኑ ዝም ሲል ተስማምታችኋል ማለቱ አይደለም፤ አንድ መስመር ላይ አልተገናኛችሁም ማለቱ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል፤ የሚያጋጥመውን ክፉ ስሕተትም የሚያገኘው ከጮኸው ቦታ ሳይሆን ዝም ካለው ነው።

የተማሪዎቹ ሥራ እስከ ነሐሴ 1985 ቆየ። በተከታዩ ዓመት ግሩነ ስክሪፕቶቻቸውን በአንድ የዩኒቨርሲቲው ሪፖርት አብራሩ፤ ርእሱ ሥርዓቱን ራስን ችሎ የመተባበር ዘዴ ይለዋል። ከዚህ የተሻለ መጠሪያ እስካሁን አላገኘሁለትም። ሰኔ 23 ቀን 1986፣ በእኛ ሰኔ 16 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ስክሪፕቶቹን ዩዝኔት በተባለው የመልእክት መረብ አማካኝነት ለፈለገ ሁሉ በነጻ ለቀቁ። ያኔ አምስተርዳም የአውሮፓ የዩኒክስ መረብ እምብርት ነበረች፤ በከተማዋ ያለው የሒሳብ ማዕከል ኮምፒውተር ከአሜሪካ የሚመጣውንና ወደዚያ የሚሄደውን መልእክት ያስተላልፍ ነበር። ሲኤምቲም ስሙን ለውጦ ሲቪኤስ ሆነ።

በሚያዝያ 1989 ብራያን በርሊነር የተባለ አሜሪካዊ የሼል ስክሪፕቶቹን ትቶ ሁሉን ነገር በሲ ቋንቋ እንደ አዲስ ጻፈው፤ ጄፍ ፖልክም አገዘው። በርሊነር የሚሠራበት ፕሪስማ የተባለ ኩባንያ ከሰን ኩባንያ የሚመጣውን የስርዓተ ክወና ጽሑፍ ለራሱ ማሽን እያሻሻለ ይጠቀም ነበር። ሰን አዲስ ቅጂ ባወጣ ቁጥር የፕሪስማ ለውጦች ከአዲሱ ጋር መዋሃድ አለባቸው። የሰዎቹ ቁጥር በዛ እንጂ ችግሩ የእነ ግሩነ ነው። በርሊነር በ1990 መጀመሪያ ዩዝኒክስ በተባለው የዩኒክስ ተጠቃሚዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ አስረዳው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ወጣ። ከአምስተርዳሙ ስክሪፕት አንድም መስመር አልቀረም። ሆኖም የሲቪኤስ መመሪያ ራሱ ግጭት የሚፈታበት ስሌት በአብዛኛው ከእነዚያ ስክሪፕቶች የመጣ መሆኑን ይናገራል። ልብሱ ተለወጠ፣ ነፍሱ ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሩጫ ላሳልፈው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲግነስ በተባለ ኩባንያ ጂም ኪንግደን ሲቪኤስን በመረብ እንዲሠራ አደረገው፤ መዝገቡ ካሊፎርኒያ፣ አራሚው ሙኒክ ቢሆን ግድ የለም። በ1995 የተጀመረው ኦፕንቢኤስዲ የተባለ ስርዓተ ክወና መዝገቡን ማንም መንገደኛ ገብቶ እንዲያነብበው ከፈተ፤ በዚያ ዘመን ደፋር ነገር ነበር። በ1999 ሶርስፎርጅ የተባለ ድረ ገጽ ለማንኛውም ነጻ ፕሮጀክት የሲቪኤስ መዝገብ በነጻ ማደል ጀመረ። አምስተርዳም ውስጥ በዚያው የሒሳብ ማዕከል ጊዶ ቫን ሮሱም የጀመረው ፓይተን የተባለ የፕሮግራም ቋንቋም ታሪኩ በዚህ መዝገብ ተጽፏል፤ ዛሬ የፓይተንን መዝገብ ወደ ኋላ የሚገልጥ ሰው እስከ ነሐሴ 1990 ድረስ ይወርዳል።

ሲቪኤስ ጉድ ነበረበት፤ አልደብቅለትም። አምስት ፋይል በአንድ ላይ ስታስገባ ከሁለተኛው በኋላ ግንኙነቱ ቢቋረጥ፣ ሁለቱ ገብተው ሦስቱ ይቀራሉ፤ ግማሽ ሐሳብ በመዝገብ ይሰፍራል። የፋይል ስም መቀየርን አያውቅም። ከሁሉ የከፋው ግን ሽምግልናን አለማስታወሱ ነው። ሁለት የሥራ ቅርንጫፎችን አዋህደህ፣ ግጭቱን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትተህ፣ ከወር በኋላ ያንኑ ቅርንጫፍ እንደገና ልታዋህድ ብትነሳ፣ የፈታኸው ግጭት ሁሉ እንደ አዲስ ይቀርብልሃል። ያን ቀን መዋሃዱን በገዛ እጅህ ምልክት ካላደረግክበት መዝገቡ አያውቅም። ዕርቅ የወረደበት ነገር በየዓመቱ እንደገና ለሽማግሌ ሲቀርብ አስቡት። በ2000 የተጀመረውና በ2004 የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ የወጣለት ሰብቨርዥን ግማሽ መግባትን አስቀረ፤ የመዋሃድን ትዝታ ግን እስከ 2008 ድረስ አልያዘም።

ፈውሱ የመጣው ከፍራየ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተዘዋዋሪ ከተዛመደ ሰው ነው። ታነንባም በ1987 ለተማሪዎቻቸው ማስተማሪያ ሚኒክስ የተባለ ትንሽ ስርዓተ ክወና ከነመጽሐፉ አውጥተው ነበር። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ መጽሐፉን ገዝቶ፣ ሚኒክስን ጭኖ፣ በነሐሴ 1991 የራሱን መጀመሩን ለሚኒክስ ተጠቃሚዎች አበሰረ፤ ሊኑክስ ማለት ነው። ሊኑስ ሲቪኤስን አይወድም። በ2007 ጉግል ቢሮ ባደረገው ንግግር ምን ያህል እንደሚጠላው በግልጽ ተናግሯል። ሊኑክስን ለአሥር ዓመት ያህል የመራው በኢሜይል የሚመጡለትን የልዩነት ዝርዝሮች በእጁ እየለጠፈ ነው። በ2002 ቢትኪፐር የተባለውን የንግድ ምርት በነጻ መጠቀም ጀመረ፤ በሚያዝያ 2005 በነጻ የመጠቀሙ ፈቃድ ሲነሳ ቁጭ ብሎ ጊትን ጻፈ። በቀናት ውስጥ ጊት የራሱን ጽሑፍ በራሱ መዝገብ ይይዝ ነበር።

ጊት በግሩነ ሕግ ላይ የጨመረው ነገር አጭር ነው። የእያንዳንዱ መዋሃድ ወላጆች እነማን እንደሆኑ በመዝገብ ይጽፋል። ስለዚህ የተፈታ ግጭት እንደተፈታ ይኖራል፤ ቀጣዩ ማዋሃድ ምስክር አድርጎ የሚጠራው ባለፈው ዕርቅ ጊዜ የነበረውን የጋራ ጽሑፍ ነው። ያም ሆኖ ማሽኑ ሁለት ሰው የነካው መስመር ላይ ሲደርስ እንደ ጥንቱ ይቆማል። ጊትን ሠሪዎቹ ራሳቸው ደደቡ የይዘት ተከታታይ የሚል ቅጽል ሰጥተውታል፤ ቀልድ ነው፣ ግን እውነት አለበት። ብልህ ነኝ ብሎ የሰው ጠብ ላይ የሚፈርድ ማሽን፣ አላውቅም ብሎ ከሚቆም ማሽን ይልቅ አደገኛ ነው። የሁሉንም ጣት በአንድ ሰነድ ላይ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዱት የዛሬ የመረብ ሰሌዳዎች ግጭት የለም ይላሉ፤ እኔ አላምናቸውም። ግጭቱ አለ፣ ማሽኑ ማንንም ሳይጠይቅ ይፈታዋል፤ የተሸነፈው መሸነፉን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ኔዘርላንድስ ነገሩን አልለቀቀችውም። በ2011 ዩክሬናዊው ዲሚትሪ ዛፖሮዤትስ የጀመረውን፣ የጊት መዝገቦች የሚቀመጡበትን ጊትላብ ወደ ኩባንያነት የወሰደው ኔዘርላንዳዊው ሲትሰ ሳይብራንዳይ ነው። እዚያ ማንም ሥራውን ሲያቀርብ «መርጅ ሪኩዌስት» ይከፍታል፤ ሰዎች ከመዋሃዱ በፊት በየመስመሩ ይከራከራሉ። በ2020 ደግሞ ሄግ ያለው የጤና ሚኒስቴር ኮሮናሜልደር የተባለውን የኮሮና ማስጠንቀቂያ የስልክ መተግበሪያ ሲያሠራ ኮዱን በጊት መዝገብ ለሕዝብ ከፍቶ ነበር። ጥቅምት 10 ቀን 2020 በመላ አገሪቱ ሥራ ጀመረ። የመንግሥትን ኮድ ማንም ዜጋ ከሳሎኑ ሆኖ ያነብበው ነበር።

ከሚኒስቴሩ በባቡር ጥቂት ደቂቃ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ሙርዋይክ ናት፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤት ላጣ ሕዝብ በጥድፊያ የተሠራች፣ ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ ሕንጻዎች የተሰለፉባት፣ ዛሬ ከዓለም ዙሪያ የመጣ ሰው የሚኖርባት ሰፈር። ከላይ በምሳሌ ያነሣሁትን ዕድር እዚህ እናቋቁመው። ሦስት ሰው ደንብ ሊያረቅቅ ተቀምጧል፤ አንዷ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ፣ አንዱ ዌስትላንድ በመስታወት ቤት ቲማቲም ሊለቅም ማለዳ የሚወጣ፣ አንዱ የፈረቃው ሰዓት በየሳምንቱ የሚለዋወጥ። የግሩነ ሦስት ሰዎች ናቸው። ፋይሉ በስልክ ከእጅ እጅ እየዞረ «ደንብ የመጨረሻ»፣ «ደንብ የመጨረሻ 2»፣ «ደንብ ትክክለኛው የመጨረሻ» እየተባለ ስድስት ሆኗል። አንዱ የኮምፒውተር ልጅ «ጊት እንጠቀም» ይላቸዋል። እሺ ይበሉት፤ ግን ጊት የተሠራው አማርኛ ለሚጽፍ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የሚያስደነግጣቸው የፋይሉ ስም ነው። «ደንብ» ብለው የሰየሙትን ጊት ሲዘረዝር እያንዳንዱን ፊደል በ341 በሚጀምር የቁጥር ሰንሰለት ይጽፈዋል። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ነው፤ ጊት ግን ሳይነገረው ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ያለውን ስም እንዲህ ይሸፍነዋል። ኮር ኮትፓዝ የሚባለውን ቅንብር ማጥፋት ይበቃል፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ያች ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ መስመር ናት። አማርኛ የሚጽፍ ሰው አንቀጹን በሙሉ ሳይቆርጥ ይጽፈዋል፤ ለጊት ያ ሁሉ አንድ መስመር ነው። የሌሊት ተረኛዋ የአንቀጹን የመጀመሪያ ቃል፣ ቲማቲም ለቃሚው የመጨረሻውን ቢነኩ፣ በመሐላቸው ሰማንያ ቃል እያለ ተጋጭታችኋል ይባላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አራት ነጥብ ባስቀመጣችሁ ቁጥር ወደ አዲስ መስመር ውረዱ። በኋላ ሲታተም አንቀጹን መልሶ ማያያዝ ይቻላል።

ሦስተኛውን ግን ቅንብር አይፈታውም። አንዷ «ሥራ አስፈጻሚ» ትላለች፣ አንዱ «ስራ አስፈፃሚ» ይላል፣ ሦስተኛው ቀን ሲያሻው ሁለቱንም። እያንዳንዳቸው የሌላውን ፊደል «ያርማሉ»። መዋጮው 15 ይሁን 20 የሚለው እውነተኛ ክርክር በሠ እና በሰ፣ በጸ እና በፀ፣ በሀ፣ በሐ እና በኀ ክምር ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ማሽኑ ለሁሉም እኩል ይጮሃልና። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተቀመጡና በፊደሉ ተስማሙ። የመዋጮው ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።